የጋሽ ሜትር እንጉዳይ

የዛሬ ዓመት ግድም ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥቼ ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ካለው ፌርማታ ስደርስ፣ ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን አገኘኋቸው። የልብስ መለኪያው ከአንገታቸው ስለማይወርድ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሜትር» ይላቸዋል። የአንጀት ካንሰር ተገኝቶባቸው፣ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸው፣ ከታዘዘላቸው ስድስት ዙር ኬሞቴራፒ ሦስቱን ጨርሰዋል። አራተኛው የዚያን ዕለት ነበር። እሳቸው ግን ብልቃጥ ታቅፈው ወደ ቤት የሚወስደውን አውቶቡስ ይጠብቃሉ።

«መምህር፣ ተገላገልኩ!» አሉኝ ፊታቸው ፈክቶ። «የእንጉዳይ ዱቄት ነው። ካንሰርን ድራሹን ያጠፋዋል አሉ። ከእንግዲህ ሆስፒታል የለም!»

ብልቃጡን ተቀብዬ ሳገላብጥ የእኅታቸው ልጅ ከሆስፒታሉ በር እያለከለከች ደረሰች። ይህች ልጅ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የምታጠናው እንጉዳይን ነው።

«አጎቴ፣ ነርሷ ሦስቴ ጠራችዎት እኮ!»

«ትጥራ! እንጉዳይ ካንሰርን ይዋጋል ያልሽኝ አንቺው አይደለሽም?»

«ተስፋ አለው ነው ያልኩት። ቤታ ግሉካን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ የሰውነትን መከላከያ ያነቃቃል። ቤተ ሙከራ ውስጥ የካንሰር ሕዋሳትን ሲያዳክም፣ የአይጥ ዕጢ ሲያሳንስም ታይቷል።»

«ይኸው! ሌላ ምን ቀረ?»

«አጎቴ፣ እርስዎ አይጥ ነዎት?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሊቆጡ ብለው ከንፈራቸው ከዳቸው።

«የቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ያለ ሕዋስ በሳሙናም ይሞታል» ብላ ቀጠለች፤ «ሳሙና ግን አይዋጥም። በሰው ላይ ገና ብዙ መጠናት አለበት፤ ሕክምናን ይተካል ያለ ጥናት ደግሞ የለም። ደንበኛዎ ጣቃ ጨርቅ ተሸክሞ 'ኮቴን ለበስኩ' ቢልዎት ምን ይሉታል?»

«ገና መቀስ አልነካውም እለዋለኋ!»

«የእኛም እንጉዳይ ገና ጨርቅ ነው።»

ጋሽ ሜትር አንገታቸውን ደፉ። «እውነቱን ልንገርሽ ልጄ፣ ማስመለሱን ፈርቼ ነው» አሉ። «ባለፈው ዙር ሳምንቱን ሙሉ መርፌ መጨበጥ አቃተኝ። እጄን ካጣሁ ምን ቀረኝ?»

ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ታዲያ ለምን አይነግሩንም? ለማስመለሱም እኮ መድኃኒት አለ!»

ሦስታችንም ተያይዘን ገባን። ሐኪሙ ማስመለሱን የሚያስታግስ መድኃኒት አዘዘላቸው፤ ዱቄቱን ግን ከኬሞው ጋር ሊጋጭ ስለሚችል እንዳይወስዱት ከለከላቸው። አራተኛውን ዙር በወሰዱበት ሳምንት የጋሽ ሜትር የስፌት መኪና ድምፅ በግድግዳችን አልፎ ሲሰማኝ ባለቤቴን ጠርቼ አሰማኋት።

ስድስቱ ዙር አለቀ። በቅርቡ በተደረገላቸው ምርመራ ምንም አልተገኘም። ያን ቀን የእኅታቸው ልጅ እንጉዳይ በሽንኩርት ጠብሳ ጋበዘችን። ጋሽ ሜትር ሁለቴ አስጨመሩ፤ «በምግብነቱ እንኳ ክርክር የለኝም!» እያሉ።

እነሆ፣ ፍርሃቱን ለሐኪሙ የገለጠ ሰው ሕክምናውን ጨረሰ፤ ዕውቀትን ከወሬ የለየ ሰው ጤናውን አተረፈ። እሳቸውም ዛሬ ለክትትል ሲሄዱ ተራ ጠባቂዎች መካከል ይቀመጣሉ። ብልቃጥ የያዘ ሰው ካዩ ጠጋ ብለው፣ «ወዳጄ፣ ምኑን ነው የፈሩት? ለእኔ ይንገሩኝና አብረን እንገባለን» ይላሉ።