ኦላና ያልሰቀላቸው ቀፎዎች

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፤ ከቡሬ በእግራችሁ፣ ከጎሬ በሚኒባስ የመጣችሁ ዘመዶች፤ የእድራችን ዳኛ ጋሼ ሁንዴሳ፤ ከሁሉ በፊት የኦላና ባለቤት እትዬ ኡርጌ፣ ልጁ ሊቺ፤ ፈጣሪ ያጽናችሁ። ሁላችንንም ያጽናን።

እኔ እንድሪስ ነኝ። በልጅነቴ ከወሎ በሰፈራ መጥቼ እዚሁ ያደግኩ፣ ከኦላና ጋር ንብ ሳጠምድ የኖርኩ ሰው ነኝ። እሱ ከዛፍ ላይ፣ እኔ ከዛፍ ሥር። እሱ ይወጣል፣ እኔ ገመድ እይዛለሁ። ተናገር ስላላችሁኝ ቆምኩ እንጂ ንግግር አልችልም። ሰማይ ሰማይ ሳይ ያያችሁኝም አትቀየሙኝ። ሐዘኑን ንቄ አይደለም። ጭንቅ ይዞኝ ነው።

ትናንት ዘነበ። ዛሬ ፀሐይ ወጣ። የገተማው ዛፍ አብቧል። እንዲህ ባለ ቀን ምን እንደሚሆን የማያውቅ እዚህ መሐል አለ? መንጋ ይወጣል። ንብ ቤቷን ጥላ ሌላ ቤት ትፈልጋለች። ቀፎ የሰቀለ ያገኛል፣ ያልሰቀለ አንጋጦ ያያል።

ኦላና ሰቅሏል? አልሰቀለም።

አምና ጉንዳን ገብቶ ንቦቹን እንዴት እንደፈጀበት ታስታውሳላችሁ። አንድ ቀፎ አልተረፈውም። ሌላ ሰው ቢሆን ይብቃኝ ይል ነበር። እሱ ግን ዘንድሮ እንደ አዲስ ጀመረ። ሐረግ ቆረጠ፣ ቀርከሃ ሰነጠቀ፣ ቀፎዎቹን ጠለፈ። ውስጣቸውን በእበት ለቀለቀ። አደረቀ። በወይራ ጭስ አጠነ። አፋቸው ላይ ሰም አሸ። «እንድሪስ፣ እኔ ራሴ ገብቼ ልተኛባቸው አማረኝ» አለኝ። የቀረው መስቀል ብቻ ነበር። በማግስቱ ደረቱን ያዘው።

የታጠነ ቀፎ ደግሞ አይጠብቅም። ሽታው ሳይለቅ ነው የሚሰቀለው። አሁን የት ናቸው? እቤት፣ ከለቅሶው ድንኳን ጀርባ ተደርድረዋል። ከድንኳኑ ጀርባ ምን አለ? ሽንኩርት እየተቁላላ ነው። ወጡን ያሠሩት እትዬ ዲንቄ፣ አይቀየሙኝ፤ ለቀስተኛ መብላት አለበት። ሊቺም ጎሽ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍናቸዋለች። ግን የኮባ ቅጠል የሽንኩርት ሽታ እስከ መቼ ይመልሳል? ይህን እያሰብኩ ነው አስከሬኑን ተሸክሜ እዚህ መቃብር ድረስ የመጣሁት። እውነቱ ይህ ነው።

ሽታ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንድ ጊዜ ኦላና ጎሬ ሄዶ ፀጉሩን ተስተካክሎ መጣ። በዚያው ቀን ቀፎ አዘጋጅቶ ሰቀለ። ንብ እየመጣች ዞር ዞር ትልና ትሄዳለች። ተናደደ። ጎረቤት መድኃኒት አደረገብኝ አለ። የኔን ፍየል እንኳ ጠረጠራት፤ ቀፎው ሥር ሸንታለች ብሎ። በኋላ እትዬ ኡርጌ አጠገቡ ሄደው አሸተቱት። «አንተ ሰውዬ፣ ሙሽራ መስለህ ሽቶ ተነክረህ ማንን ትከሳለህ?» አሉት። ፀጉር አስተካካዩ ማጅራቱ ላይ ያፈሰሰበት ነው። ከዚያ ወዲያ የቀፎ ሰሞን ሲደርስ ሳሙና እንኳ አይነካም ነበር። ከጎኑ የተቀመጣችሁ ታውቃላችሁ።

ሳቁ፣ ግድ የለም። እሱም ይስቅ ነበር።

ሌላ ቀን ደግሞ ሶር ወንዝ ዳር ነን። ቀረሮ ዛፍ ላይ ወጥቷል። ቀና ብዬ ሳየው ድመት አክሎ ይታየኛል። ቀፎውን በገመድ ልኬለት እያሰረ ሳለ ከወንዙ ማዶ ድምፅ መጣ። መንጋ! ገና ታስሮ ያላለቀውን ቀፎ ፈልጎ መጣ። ሰውየውም አለ፣ ቀፎውም አለ፣ ንቡም መጣ። ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ጮኽኩ። «ውረድ!» አልኩ። እሱ ከላይ ቀስ ብሎ «ሂን ሶዳቲን፣ እንድሪስ» አለኝ። አትፍራ። ከዚያ በኋላ ጣቱንም አላነቃነቀ። ንቡ ፊቱ ላይ እየሄደ፣ አንገቱ ላይ እየሄደ፣ በክንዱ አልፎ ወደ ቀፎው ገባ። እኔ እታች ገመዱን ይዤ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨረስኩ። ሲወርድ አንድም አልተነደፈም። ገመዱ መዳፌን ልጦት ስለነበር የታከምኩት እኔ ነኝ።

አትፍራ ይለኝ ነበር። እኔ ግን ስፈራ ኖርኩ። የሚወጣበት ጠፍር ቢበጠስስ? ቅርንጫፉ ቢሰበርስ? የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እኔ የፈራሁት አልደረሰም። ከዛፍ አልወደቀም። ያልፈራሁት ደረሰ፤ አልጋው ላይ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ፣ እጁን ይዤው ሄደብኝ። ያን ሁሉ ዘመን የማይደርሰውን ነገር ስፈራ ኖሬያለሁ።

ጋሼ ሁንዴሳ፣ አሁን ወደ እርስዎ ነኝ። የእድራችን ሕግ ሰልስት ሳይወጣ ማንም ወደ ሥራ አይሂድ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳይቀር ነው። ግን ሰልስት እስኪወጣ መንጋው ይጠብቀናል? ያ ቤት ሌላ ምን አለው? ቡናው እንኳ ዘንድሮ አልያዘም። ቀፎዎቹ ባዷቸውን ከከረሙ እነዚህ እናትና ልጅ በምን ይከርማሉ? እኔ ከዚህ ቀጥታ፣ ቀፎዎቹን አንሥቼ ወደ ጫካ ልሂድ እላለሁ። ከፈቀዱልኝ ነው። ቅጣት ካለውም እቀጣለሁ።

ማን ይወጣል ትላላችሁ። እኔ ነኝ የምወጣው። አዎ፣ እኔ። ዛሬ ጠዋት ለእትዬ ኡርጌ ይህንኑ ስነግራቸው «የጎጆ ክዳን ላይ መውጣት የምትፈራ ሰው ቀረሮ ትወጣለህ? አንድ ሬሳ ይበቃኛል፣ እንድሪስ» አሉኝ። ልክ ናቸው። እየፈራሁም ቢሆን እወጣለሁ።

ግን እትዬ ኡርጌ፣ እርስዎ እንቢ ካሉ አልሄድም። በሰው ፊት እየለመንኩዎት ነው።

ጋሼ ሁንዴሳ እጃቸውን አነሡ። አያችሁ? ሂድ ማለታቸው ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።

እትዬ ኡርጌ... ቀስ ይበሉ፣ ደግፏቸው እንጂ። ምን አሉ? ሊቺ፣ እማማ ምን አለች?

«ገመዱን እኔ እይዝለታለሁ» አሉ። ሰማችሁ? ገመዱን እኔ እይዛለሁ አሉ።

እሺ። እሺ፣ እትዬ።

ኦላና ወንድሜ፣ ሚስትህ ያለችውን ሰምተሃል። የተኛህበት አፈር አይክበድህ። እንደ ወጉ ቁጭ ብዬ አላለቀስኩልህም፤ ሳይመሽብን ልሂድ። ከዛፉ በደህና ከወረድኩ መጥቼ አለቅስልሃለሁ።