ወዲያ የሚያየው ሰው

ጠዋት ነው፤ የዓይን ነርቮች ተመራማሪው ዶክተር አጥናፉ በልብ ሕመም ካረፉ ሁለት ሰዓት ሆኗል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤትና የቤተ ሙከራ ረዳታቸው ትርሲት አስከሬኑ ካለበት የሆስፒታል ክፍል በር ላይ ቆመዋል።

የሺመቤት፦ አልሰጥም አልኩሽ እኮ! ዓይኑን አስወጥቼ ልቅበረው?

ትርሲት፦ እትዬ፣ ዓይናቸው ለምርምር እንዲሰጥ የፈረሙበት ወረቀት ይኸው። በገዛ እጃቸው ነው የፈረሙት።

የሺመቤት፦ አጥናፉ ያልፈረመበት ወረቀት አለ? የገዛ ልጁን የሠርግ መጥሪያ እንኳ የቢሮ ደብዳቤ መስሎት ፈርሞ መልሶልኛል።

ትርሲት፦ ያለ እርስዎ ፈቃድ ማንም አይነካቸውም። ፊታቸው አይበላሽም፤ የተኙ ነው የሚመስሉት። ግን ጊዜ የለንም። ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉት የሬቲና ሴሎች ሰው ካረፈ በኋላ የሚቆዩት ጥቂት ሰዓት ነው።

የሺመቤት፦ የዚያችን የሬቲናን ስም አትጥሪብኝ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምሳዬን ያስቀዘቀዘችብኝ ጣውንቴ እሷ ናት። ደግሞስ በዚህ ሁሉ አገር የሌላ ሰው ዓይን ጠፋ?

ትርሲት፦ የእሳቸው ይለያል።

የሺመቤት፦ በምኑ?

ትርሲት፦ እሱን... መናገር አልችልም።

የሺመቤት፦ እንግዲያው እኔ ልናገር። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኔን አላየም። ሳናግረው ወዲያ። ምግብ ሳቀርብለት ወዲያ። ጥፋት የሌለበት ሰው እንደዚያ ይሆናል?

ትርሲት፦ እትዬ የሺ...

የሺመቤት፦ አንቺን ጠርጥሬሻለሁ። ዛሬ ምን አፍራለሁ! በፋሲካ ቤቴ መጥተሽ ዶሮ ወጡን ያለ እንቁላል ያቀረብኩልሽ እንቁላሉን ረስቼው መሰለሽ?

ትርሲት፦ ገብቶኝ ነበር።

የሺመቤት፦ ገብቶሽ ዝም አልሽ?

ትርሲት፦ አስምለውኝ ነው።

የሺመቤት፦ ምን ብሎ? ... ተናገሪ እንጂ! ሰውየው ሞቷል፣ ለማን ነው የምትደብቂው?

ትርሲት፦ አያዩም ነበር።

የሺመቤት፦ ማን?

ትርሲት፦ ዶክተር። የሁለቱም ዓይናቸው ሬቲና መሃሉ ሞቶ ነበር። ያንኑ ሲያጠኑት የኖሩትን በሽታ ነው የያዛቸው። ፊት ለፊታቸው ያለው ሁሉ ጨለማ ነው፤ የቀረላቸው ዳር ዳሩ ብቻ ነበር። በየሳምንቱ ዓርብ ዓይናቸውን የምለካው እኔ ነበርኩ። በሽታው ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ እንዲህ የተለካ ዓይን ሌላ የለንም። «የሺ ካወቀች እንቅልፍ አይወስዳትም» ብለው አስማሉኝ።

የሺመቤት፦ መጥሪያውስ?

ትርሲት፦ ማንበብ አልቻሉም።

የሺመቤት፦ እኔ በዘመድ ፊት አዋረድኩት። «ልጅህን እንኳ ከቁም ነገር አትቆጥርም» አልኩት። ሳቀ እኮ! ለምን ይስቃል?

ትርሲት፦ በማግስቱ ቢሮ ገብተው ግን አልሳቁም።

የሺመቤት፦ አልጋ ለይቼበታለሁ፣ ትርሲት። ዓይኔን የሚሸሽ ሰው ጎኔ አይተኛም አልኩ። ከሐምሌ ጀምሮ የልጆቹ ክፍል ነው የማድረው።

ትርሲት፦ አልሸሹዎትም። ቀጥ ብለው ሲያዩዎት ፊትዎ ይጠፋባቸዋል። ወዲያ ሲሉ ግን በዳር በኩል ያገኙዎታል። ቤተ ሙከራው ውስጥ ብዙ ተለማምደውታል። ፎቶዎን ግድግዳው ላይ ለጥፈው፣ አንገታቸውን ቀና ዘንበል እያደረጉ... «አሁን አፍንጫዋ መጣ፤ አሁን ደግሞ ሳቋ» ይሉኝ ነበር። ወዲያ የሚያዩት እርስዎን ለማየት ነው።

የሺመቤት፦ በየት በኩል?

ትርሲት፦ እ?

የሺመቤት፦ እኔን ለማየት በየት በኩል ነበር የሚያየው?

ትርሲት፦ ከግራ ትከሻዎ በላይ።

የሺመቤት፦ ... ሂጂ፣ ሐኪሞቹን ጥሪያቸው። ይውሰዱት።

ትርሲት፦ እትዬ፣ ይቀመጡ፤ ወንበር ላምጣልዎት።

የሺመቤት፦ እኔ እኮ ያን ጊዜ ሁሉ፣ ከኋላዬ ማን መጣ እያልኩ ፊቴን አዞርበት ነበር።