ዳገት የሚወጣ መኪና የመረጡልን ኦቦ ደቻሳ

ኦቦ ደቻሳ፣ ወደ በሩ አይመልከቱ፤ ዛሬ አያመልጡም! ተቀምጠው ይሰማሉ፣ እኔ ጋዲሴ እናገራለሁ።

እሳቸው የወተት ማኅበራችን የገቡበትን ቀን አብዛኞቻችሁ አታውቁትም። 2006 ነው። ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ እንግዳወርቅ «አዲሱ ሹፌር የት ገባ?» እያሉ ግቢውን ሲዞሩ፣ ከሚኒባሷ ሥር ሁለት እግር ተዘርግቶ አየን። «ማነህ አንተ?» አሉ። «ሹፌሩ ነኝ፤ መጀመሪያ እሷን ሰላም ልበል፣ እናንተ የትም አትሄዱም» የሚል ድምፅ መጣ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ጠዋት ጠዋት መኪናዋ ከኛ በፊት ሰላም ትባላለች።

ወንጪ መንገድ ላይ ወተት ሲሰበስቡማ! «አካም ቡልቴ» ብለው ሰላምታ ጀምረው ባልን፣ ሚስትን፣ ጥጃን ሳይጠይቁ ጀሪካን አያነሱም። እኔ ላቦራቶሪ ቆሜ ሰዓት አያለሁ። «ዘገዩ እኮ!» ስላቸው፣ «ላሟ ታማ ሳልጠይቅ ልምጣ?» ይሉኛል። እንዲህ እየጠየቁ፣ መድኃኒት የተወጋች ላም ወተት ከሌላው እንዳይቀላቀል ስንቴ እንዳዳኑኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

አምና የኤሌክትሪክ ቫን እንግዛ ተባለና ወይዘሮ እንግዳወርቅ፣ ኦቦ ደቻሳና እኔ አይተን እንድንገዛ ተመረጥን። አዲስ አበባ ሄድን። ሻጩ አንዱን ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ትልቅ ስክሪን ያለው አሳየንና «አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ይሄዳል» አለ። ልቤ ወዲያው እዚያ ቀረ። እሳቸው ግን፣ «ባዶውን ነው ተጭኖ? ሜዳ ነው ዳገት?» ብለው ጠየቁ። ልጁ ስልኩን ማየት ጀመረ።

ያኔ ያልኩትን ዛሬ በፊታቸው ልናዘዝ። በወይዘሮ እንግዳወርቅ ጆሮ፣ «ጡረታ ለመውጣት አራት ወር ለቀራቸው ሰው ምን አስጨነቃቸው? ሊሄዱ ሲሉ አስቸገሩን» አልኩ። ለካ ሰምተዋል። «ልጄ፣ እኔ አልነዳውም» አሉኝ። «የምትነዳው አዲሷ ሹፌራችን ሃዋኒ ናት። ዳገት መሃል ባትሪ ቢያልቅባት፣ ያን ሁሉ ሰው ወተት ይዛ ማንን ትጠራለች?»

ነጩንና አንድ መልከ ጥፉ ግራጫ ቫን ለሙከራ እዚህ አምቦ አስመጡ። ጀሪካኖቹን ውሃ ሞልተን ጭነን ወደ ወንጪ ወጣን። የኔው ቆንጆ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ባትሪው አሽቆለቆለ፤ ግራጫው ወጥቶ፣ ተመልሶም ተረፈው። እሱን ገዛን።

አንድ ነገር ግን እሳቸውም አላሰቡትም ነበር። እዚያ መንደር ሰው ወተቱን የሚያወጣው የአሮጌዋን ሞተር ጩኸት ሰምቶ ነው። አዲሱ ድምፅ የለውም! የመጀመሪያው ቀን ደርሰን ቆምን፤ ማንም አልወጣም። ኋላ ወተት ከሚሰጡን እናቶች አንዷ፣ አዴ ጌጤነሽ፣ ብቅ አሉና፣ «ምነው ደቻሳ፣ እንደ ሌባ መጣህ?» አሏቸው። የዚያን ቀን ግማሹ ወተት ቀረ። ከዚያ በኋላ ኦቦ ደቻሳ ሃዋኒን ይዘው በእግራቸው ደጅ ለደጅ ዞሩ። «ከእንግዲህ ድምፅ አትጠብቁ፤ አንድ ሰዓት ሲሆን ይቺን ጠብቁ፣ ልጄ ናት» እያሉ። ወር ፈጀባቸው። ዛሬ ጠዋት ሃዋኒ አንድ ጀሪካን ሳይጎድል መጣች።

ኦቦ ደቻሳ፣ ስለዚያች ቃል ይቅር ይበሉኝ። አላስቸገሩንም፤ ለማይነዱት መኪና ከሁላችን በላይ ያሰቡት እርስዎ ነዎት። የአሮጌዋን ድምፅ ከሩቅ ስሰማ ነበር ጋውኔን የምለብሰው። አሁን ጠዋቱ ጭር ይልብኛል። እርስዎማ እንዴት አይናፍቁኝም?

በሉ ሁላችሁም ተነሡ፣ ብርጭቆ ይነሣ! ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ከልጅ ልጆችዎ ጋር ጠግበው ይጫወቱ። ገለቶማ፣ እናመሰግናለን፣ ኦቦ ደቻሳ!

ሃዋኒ ውጭ እየጠበቀችዎት ነው፤ ዳገቱን ወጥታ ቤትዎ ታደርስዎታለች። ከጎኗ ቁጭ ይበሉና አገሩን ይዩት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዓይንዎ ከመንገዱ ተነሥቶ አያውቅም።