በርበሬ ውስጥ የተደበቀ ሰርግ

ከሰርጉ ሳምንት በኋላ፣ በቀትር፣ በሙሽራዋ በሐመልማል እናት በወይዘሮ ይርገዱ ሳሎን፤ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕና በበርበሬ የቀላ ሃርድ ዲስክ፣ በመካከሉም አስናቀ ይዞት የገባው ሽጉጥ። አስናቀ በሰርጉ ቀን በጩቤ የተገደለው የሚዜው የዋሲሁን ታላቅ ወንድም ነው።

አስናቀ፦ ሰካሁት እኮ! ምንም የለም። ምን አድርገሽዋል?

ይርገዱ፦ ምንም አላደረግኩትም።

አስናቀ፦ ታዲያ ኮምፒውተሩ ለምን አያውቀውም? አበላሽተሽዋል! ልጅሽ እንዳልክ ወንድሜን ሲወጋው እንዳይታይ አበላሽተሽዋል!

ይርገዱ፦ ማበላሸት ብፈልግ በርበሬ ውስጥ ምን አስደበቀኝ? ምድጃ ነበረኝ።

አስናቀ፦ ማን ነው ደግሞ በርበሬ ውስጥ ዕቃ የሚደብቀው?

ይርገዱ፦ ዘመዶችህ ቤቴን የፈተሹበት ሰው። ፍራሼን ቀደዱ፤ ቁም ሳጥኔን በመጥረቢያ ፈለጡ። የበርበሬውን ባልዲ ግን አንዱ ከፈተና አስነጥሶት ተወው።

አስናቀ፦ ደርቤ ነው። እስኪመሽ ዓይኑ ሲያነባ ዋለ።

ይርገዱ፦ ለበርበሬዬም ቢሆን አለቀሰልኝ።

አስናቀ፦ አንቺ ሴትዮ! አንድ ቃል ጨምሪና ይሄን ጥይት እዚሁ ባላጎርስሽ!

ይርገዱ፦ በሰርጉ ቀን “እርስዎ” ስትለኝ ነበር። ሽጉጥ ሰውን ይህን ያህል ያሳድጋል?

አስናቀ፦ በሰርጉ ቀን ወንድም ነበረኝ።

ይርገዱ፦ እሱስ እውነትህን ነው። ነፍሱን ይማርልህ። በል ገመዱን ንቀለውና አሳየኝ። አየህ? አንገቱ ላይ ተልጧል። ሐመልማል ሌላ ገመድ ነበራት፤ መሳቢያው ውስጥ ነው። አንተው ክፈተው።

አስናቀ፦ ለምን አትከፍችውም?

ይርገዱ፦ እኔ ከከፈትኩት “ቢላ ልታወጣ ነው” ብለህ ትተኩሳለህ።

አስናቀ፦ ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን ነው የምታስቢው?

ይርገዱ፦ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የልጄ ሰርግ ዕለት ጠዋት ድንኳኑ ይወድቃል ብዬ ስፈራ ነበር። ድንኳኑ ቆመ፣ ሰው ወደቀ። ኧረ በስመአብ! ጣራው ላይ ምንድን ነው?

አስናቀ፦ ድንጋይ ነው። ደርቤ ቸኩሏል።

ይርገዱ፦ ደጅ ናቸው? ሁሉም?

አስናቀ፦ ሁሉም። ቪዲዮውን አይቼ በመስኮት ስም እንድጠራላቸው ነው የሚጠብቁት። ስሙ “እንዳልክ” ከሆነ ችሎት አንጠብቅም። ነገ ልጅሽን ከእስር ቤት ወደ ፍርድ ቤት ሲያመጡት፣ ከመኪናው ሲወርድ...

ይርገዱ፦ አትጨርሰው። እኔ በልቤ ሺህ ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ገመዱን ሰካው።

አስናቀ፦ መብራቱ በራ! ይሄው በራ!

ይርገዱ፦ ጸጥ በል፣ ላዳምጠው። ይዞራል... ከዚያ ጠቅ ብሎ ይቆማል። ኮምፒውተሩስ?

አስናቀ፦ አሁንም ምንም የለም። እሰብረዋለሁ!

ይርገዱ፦ ብትሰብረው የወንድምህን ደም ያፈሰሰውን ማን ይነግርሃል? አፉ ላይ በርበሬ ተጠቅጥቆበት ነው። ያቺን ስንጥር አቀብለኝ። ከኪስህ ያለውንም አረቄ።

አስናቀ፦ ምን አረቄ?

ይርገዱ፦ ከገባህ ጀምሮ ቤቴ ካቲካላ ካቲካላ ይላል። ልጠጣው አይደለም፤ ላጥበው ነው። ውሃ ይገድለዋል፣ አረቄ ግን ቶሎ ይደርቃል። እዚህ ጥጥ ላይ ጠብ አድርግልኝ። ጠብ አልኩህ እንጂ አፍስስ አልኩህ?

አስናቀ፦ አንቺ ዝም ብለሽ ጥረጊ።

ይርገዱ፦ እየጠረግኩ ነው። ጩቤው ግን የማን ነበር?

አስናቀ፦ የኔ ነው። ለፖሊስም አልደበቅኩም። በሩ ላይ በግፊያው መሀል ልጅሽ ከወገቤ መዘዘብኝ።

ይርገዱ፦ ሲመዘው አይተኸዋል?

አስናቀ፦ ከፊቴ የነበረው እሱ ነው። በር ከልካዮቹ መሀል ቆሞ። ዋሲሁን በመካከላችን ገባ፤ ከዚያ ደም ነበር።

ይርገዱ፦ አይተኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።

አስናቀ፦ ጠጥቼ ነበር! ሌላ ማን ይመዘዋል?

ይርገዱ፦ በር ከልክሎ መገፋፋት የሰርግ ወግ ነው፣ ጨዋታ ነው። ለጨዋታ ጩቤ ይታጠቃሉ?

አስናቀ፦ ልጅሽ “አሳዳጊ የበደለው” ብሎ በሰው ፊት ሰደበኝ፤ ይሄ ጨዋታ ነው? ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ዋሲሁን እንኳ ሳቀ።

ይርገዱ፦ አፉ ክፉ ነው፤ ያንን አልክድም።

አስናቀ፦ እኔም ልጠይቅሽ። ካሜራ ማኑ ይሄን የሰጠሽ የዚያኑ ዕለት ማታ ነው። ሳምንት ሙሉ ለምን አላየሽውም?

ይርገዱ፦ ፈራሁ።

አስናቀ፦ እኛን?

ይርገዱ፦ የእንዳልክን እጅ። ጥፍሩን የቆረጥኩለት፣ እርሳስ ያስያዝኩት እጅ ነው። ጩቤ ይዞ ባየውስ? ካየሁ በኋላ መልሼ አላየሁም ማለት እችላለሁ?

አስናቀ፦ አየሽ! አንቺም እሱ ነው ትያለሽ!

ይርገዱ፦ እናት ነኝ፤ የማላስበው ክፉ የለም።

አስናቀ፦ እንግዲያ ለምን አላቃጠልሽውም?

ይርገዱ፦ ካልሆነስ? ካሜራ ማኑ ሚሞሪውን አጥፍቶ የሌላ ሰው ሰርግ ቀርጾበታል። ሌላ ቅጂ የለም። ይሄን ባቃጥል የልጄን ነፃነት አብሬ ባቃጥለውስ? ባየው ፈራሁ፣ ባቃጥለው ፈራሁ። በርበሬ ውስጥ ከተትኩት። እንካ፣ ጸድቷል። ቀስ ብለህ ሰካው።

አስናቀ፦ አወቀው! ጽሑፍ አመጣ። ከመከፈቱ በፊት ፎርማት ይደረግ ይላል። “አዎ” እለዋለሁ...

ይርገዱ፦ ተው! እጅህን አንሳ!

አስናቀ፦ መታሽኝ? እኔን መታሽኝ?

ይርገዱ፦ አዎ ካልከው ያለውን ጠርጎ ነው የሚከፍትልህ! የሐመልማል የምረቃ ፎቶ ሁሉ በዚህችው “አዎ” ነው የጠፋው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ይሄ ግን ከፈሰሰ አይለቀምም።

አስናቀ፦ ታዲያ ምን ልበለው?

ይርገዱ፦ “አይ” በለው። ይሄኛው መሰኪያ ላልቷል፤ ሲነካ ይቆራረጣል። ንቀለውና በወዲያኛው ጎን ሰካው።

አስናቀ፦ ... መጣ። “የሐመልማል ሰርግ” ይላል። ደርቤ! ድንጋዩን ተው! ተከፈተ!

ይርገዱ፦ እመቤቴ፣ እመቤቴ፣ እመቤቴ።

አስናቀ፦ ዘፈኑን አልፈልግም። በሩ ጋ አድርሽው።

ይርገዱ፦ እኔ አልደፍርም። አንተ ንካው።

አስናቀ፦ ይሄው በሩ። ይሄ እንዳልክ ነው። ይሄ እኔ ነኝ። ዋሲሁን... እይው፣ ይስቃል።

ይርገዱ፦ ጥርሱ ያምር ነበር።

አስናቀ፦ ዝም በይ!

ይርገዱ፦ እጆቹ!

አስናቀ፦ የማን?

ይርገዱ፦ የእንዳልክ! እይ፣ ሁለቱም መቃኑ ላይ ናቸው። አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ። በር የከለከለ ሰው መቃኑን ከለቀቀ ሚዜዎቹ ጥሰውት ይገባሉ፤ ለዚያ ነው የማይለቁት። ሂድ፣ ወደፊት ሂድ።

አስናቀ፦ እየሄደ ነው።

ይርገዱ፦ አሁንም መቃኑ ላይ ናቸው።

አስናቀ፦ ዋሲሁን ጮኸ።

ይርገዱ፦ አሁንም መቃኑ ላይ ናቸው፣ አስናቀ። ልጄ እጁን አላነሳም።

አስናቀ፦ መልሽው።

ይርገዱ፦ ተው ይቅርብህ...

አስናቀ፦ መልሽው አልኩ!

ይርገዱ፦ ይኸው።

አስናቀ፦ እንደገና። እዚህ ጋ አቁሚው። ... ማንም አልመዘዘብኝም።

ይርገዱ፦ አስናቀ።

አስናቀ፦ ማንም አልነካኝም። ራሴ መዘዝኩት። ለእንዳልክ ነው የሰነዘርኩት። ዋሲሁን ሊገላግል ገባ።

ይርገዱ፦ አየሁት።

አስናቀ፦ እየሳቀ ነው የገባው። ዲስኩን ስጪኝ።

ይርገዱ፦ አልሰጥህም።

አስናቀ፦ እሰብረዋለሁ። ደርቤን “እንዳልክ አይደለም፣ ሰውየው አልታየም” እለዋለሁ። ልጅሽ ይተርፋል። እናቴ ይሄን ካየች በቁሟ ነው የምትሞተው!

ይርገዱ፦ ዳኛውስ? “አልታየም” ብሎ ይፈታልኛል? ደርቤስ ዛሬ ቢያምንህ ነገ ጠጥቶ አይጠራጠርም? ልጄ ዕድሜውን ሙሉ ወደ ኋላው እያየ ሊሄድ ነው? አልሰጥህም።

አስናቀ፦ እተኩሳለሁ!

ይርገዱ፦ ተኩስ። አንተ በሩን ስታንኳኳ ነው እኔ የሞትኩት። ዲስኩን ደረቴ ላይ ይዤዋለሁ፤ ልትሰብረው ከፈለግህ እኔን ጭምር ትበሳለህ። ... ምን ልታደርግ ነው? አውርደው! አፈሙዙን ከአገጭህ ሥር አውርደው!

አስናቀ፦ አንቺን ምን አገባሽ? ልጅሽ ነፃ ነው።

ይርገዱ፦ ነፃ አይደለም! አንተ እዚህ ከወደቅህ ደጅ ያሉት “ይርገዱ ገደለችው” ብለው ይገባሉ። እንዳልክንም፣ እኔንም፣ ሙሽራዋንም ይጨርሳሉ። እናትህስ? አንዱን በሬሳ ሳጥን፣ አንዱን ከኔ ምንጣፍ ላይ ለቅማ ትቅበር? ወንጀለኛም ቢሆን ስንቅ የምትቋጥርለት ልጅ ይትረፍላት። ስጠኝ። በእጀታው በኩል። ጣትህን ከዚያ አውጣ... እሰይ።

አስናቀ፦ ደርቤ እየጠራኝ ነው። “ማን ነው? ማን ነው?” እያለ።

ይርገዱ፦ እሰማዋለሁ።

አስናቀ፦ አንቺ ንገሪያቸው። እኔ አፌ አይከፈትም።

ይርገዱ፦ ከእኔ አፍ ቢሰሙ ያምናሉ? መስኮቱን እከፍትልሃለሁ፤ ከጎንህም እቆማለሁ። ስሙን የምትጠራው ግን አንተ ነህ።

አስናቀ፦ ደርቤ! መሣሪያህን መሬት ላይ አስቀምጥ። ሌሎቻችሁም አስቀምጡ። አዎ አየሁት... እኔ ነኝ።