ታናሿ እኮ አግብታለች!

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን የማተሚያ ቤታችን ሰዎች፤ ማሽኑን አቁማችሁ፣ ቀለም የነካውን እጃችሁን ታጥባችሁ እኔን ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ እግዜር ያክብርልኝ። ቁጭ ብዬ ብናገር ቅር እንዳትሰኙ። ክራንች ተደግፎ መሳቅ አይመችም፤ ዛሬ ደግሞ ሳቄ አልያዝ ብሎኛል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖርኩ። ስንት የሠርግ ካርድ በእጄ አለፈ! እናንተ ደግሞ ካርድ በመጣ ቁጥር "ያንቺስ መቼ ነው?" እየተባባላችሁ ትነካካላችሁ። እኔ ጋ ስትደርሱ ግን ጸጥ! ማዘናችሁ ነበር፤ አውቃለሁ። ግን ምን ነበረበት፣ አንድ ቀን እንኳ ብትነካኩኝ?

ማሽን ጠጋኛችን ግን ነካካኝ። "የሰውን ካርድ ታርሚያለሽ፤ ያንቺን ማን ያርመዋል?" አለኝ።

"ራሴ ነኛ!"

"እንግዲያው እሁድ እናትሽ ጋ እመጣለሁ።"

መጣ። ግን ከሥራ በቀጥታ፣ የመፍቻ ቦርሳውን እንደያዘ! የእኛ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ደግሞ ከተበላሸ ሳምንቱ ነው። እናቴ በሩን ከፍታ ቦርሳውን ስታይ፣ "ተመስገን! በጓሮ በኩል ነው" ብላ እየመራች ወሰደችው። ምስኪን፣ እምቢ ማለት አፍሮ እጅጌውን ሰብስቦ ጠገነው። እኔ በሳቅ ልሞት!

ሲጨርስ እጁን ታጠበና፣ "እማማ፣ የመጣሁት ልጅዎን ለማግባት ፈቃድዎን ልጠይቅ ነው" አላት።

እናቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ውይ የኔ ልጅ፣ ዘገየህ! ታናሿ እኮ አግብታለች።"

"ትልቋን ነው፣ እማማ።"

ታላቅ ወንድሜ ብድግ አለ። "አንተ ሰው፣ ምን ጎድሎህ ነው?"

"ሚስት!" አይለው መሰላችሁ!

እናንተ ትስቃላችሁ፤ እኛ ቤት ግን የሳቀ የለም። እናቴ ማልቀስ ጀመረች። "ልጄ፣ ከእኔ በቀር ማን ይችልሻል? ጥሎሽ ቢሄድስ?"

እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። አዝላ ትምህርት ቤት ያመላለሰችኝ እሷ ናት። እኔም መለስኩላት፤ "እማዬ፣ ጥሎኝ ከሄደ እንደማንኛዋም ሴት አለቅሳለሁ። እሱንም አትንፈጊኝ።"

ወንድሜ ተቀመጠ። እናቴ ዓይኗን ጠራረገችና ወደ ሰውዬው ዞር ብላ፣ "ለመሆኑ ምሳ በልተሃል?" አለችው። ያኔ አለቀ!

አይ፣ አላለቀም፤ የሠርግ ቀሚሱ ጠብ ቀረ። እሷ "እስከ መሬት ይሁን፣ የእግርሽ ብረት እንዳይታይ" ትላለች፤ እኔ "ከጉልበቴ አይለፍ" እላለሁ። ሁለት ሳምንት ተኳረፍን። ከትናንት ወዲያ ከሥራ ስገባ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ መቀስ ይዛ ጠርዙን ስትቆርጥ አገኘኋት። ቀና ሳትል፣ "አንቺ ካላፈርሽበት እኔ ምን ቤት ነኝ?" አለችኝ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ መርፌው ውስጥ ክር አስገባሁላት።

ቅዳሜ ሠርጋችን ነው፤ የሚቀር ሰው ወዮለት! ሰኞ እሱ ሥራ ወዳገኘበት ከተማ እንሄዳለን፤ እኔንም እዚያ ያለ ማተሚያ ቤት ተቀብሎኛል።

ያገባችሁ ትዳራችሁ ይለምልም። ያላገባችሁ የልባችሁን ሰው ያገናኛችሁ። ብቻችሁን መኖር የመረጣችሁም ሰላማችሁ ይብዛ። ሴት ልጅ ያላችሁ፣ የሚወዳት ሲመጣ ሳትደነግጡ ለመደሰት ያብቃችሁ። ቤታችሁ ከሳቅ አይጉደል።

በሉ ሙዚቃውን ክፈቱት! መጀመሪያ የምጨፍረው እኔ ነኝ፤ ቦታ ልቀቁ!