የአራሚው መንጋጋ

ፈርቶ የቆመ ሰው ሥራ የያዘ መምሰል ይወዳል። አራሚውም በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ከጥርስ ክሊኒኩ በር ላይ የቆመው ማስታወቂያ ለማንበብ እንጂ ፈርቶ አልነበረም፤ ቢጠይቁት እንዲያ ነበር የሚለው። በሩ ላይ በትልልቅ ፊደል «ቀጠሮዎትን ያክብሩ» ተብሎ ተጽፏል። ያበጠ ግራ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ አንዴ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው፤ ከዚያም ከደረት ኪሱ እርሳሱን አወጣ።

«ጋሼ! በራችንን ሊያርሙልን ነው?» አለች ከኋላው አንዲት ልጅ።

ዘወር ሲል የጠራዡ ልጅ ናት። አባቷ እሱ በሚሠራበት ማተሚያ ቤት መጻሕፍት ሲጠርዝ የኖረ ሰው ስለሆነ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቃታል። አሁን ነርስ ሆናለች። ነጭ ጋዋኗን በክንዷ አንጠልጥላ ሥራ መግባቷ ነው።

«ቀጠሮዎትን አይባልም ልጄ፤ ቀጠሮዎን ነው» አላት በጥርሶቹ መሃል። አፉ ከአንድ ጣት ውፍረት በላይ አይከፈትም። «ሕዝብ የሚያነበውን ነገር እንዲህ አድርጎ መጻፍ ነውር ነው።»

«እሺ፣ እናስተካክላለን። የርስዎስ ቀጠሮ?»

ካርዱ በእጁ ስለነበር መካድ አልተቻለም። ተቀበለችው። ሦስት ቀኖች ተጽፈው ሦስቱም ተሰርዘዋል፤ አራተኛው የዛሬው ነው፣ ሦስት ሰዓት ተኩል።

«የመጀመሪያው ምን ሆነ?»

«ዘነበ።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሥራ በዛ።»

«ሦስተኛውስ ጋሼ?»

«በሦስተኛው ቀን አልዘነበም፤ ሥራም አልነበረም» አለ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «እዚህ በር ድረስ መጥቼ ተመለስኩ።»

እዚህ ላይ ስለ ሰውየው አንድ ነገር መናገር ተገቢ ነው። አራሚው በባሕርዩ ፈሪ አይደለም። ደራሲ ቢቆጣ፣ አለቃ ቢጮህ ከእርማቱ ንቅንቅ አይልም። በማተሚያ ቤቱ «ጋሽ አራት ነጥብ» የሚሉት ነጥብ የጎደለው ገጽ በፊቱ ስለማያልፍ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አንዲት የኋላ መንጋጋ አራት ወር ስትጫወትበት ከረመች። በመድኃኒት ጋብ ትልለታለች፤ ዳነልኝ ሲል ተመልሳ ታብጣለች፤ ባበጠች ቁጥር አፉ ይቆለፋል፤ ጋብ ስትልም በሙሉ አይላቀቅም።

ልጅቱ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣው አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ሕመሙስ እሺ ይቻላል» አላት። «አንባቢው ግን አልጋ ላይ ነው። ታስታውሽዋለሽ?»

እንዴት አታስታውሰው! በማተሚያ ቤት እርማት የሚሠራው ጥንድ ሆኖ ነው። አንዱ የደራሲውን ረቂቅ ጮክ ብሎ ያነባል፤ «ነጠላ ሰረዝ»፣ «አራት ነጥብ» እያለ ምልክቱን ሁሉ ይጠራል፤ ሌላው «እሺ፣ እሺ» ከማለት በቀር ዝም ብሎ የታተመውን ይከታተላል። አንባቢውና አራሚው እንዲህ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል።

«ጡረታ ከወጣ ወዲህ መጽሐፍ ጽፏል» አለ አራሚው። «የማተሚያ ቤቱን ኑሮ፣ የሁላችንንም ነገር። ጽፎ ሲጨርስ ዐይኑ ፈዘዘ፤ አሁን ደግሞ ልቡ ደከመ። ከመታተሙ በፊት በጆሮው ሰምቶ ሊያርመው ፈለገ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አነብለት ነበር። ስልሳ አንደኛው ገጽ ላይ ስንደርስ አፌ ተቆለፈ።»

«ሌላ ሰው አያነብለትም?»

«ሚስቱ ሞክራ ነበር። ስለ ራሷ የጻፈው ቦታ ስትደርስ እያለቀሰች አቃታት። የወንድሙ ልጅ ደግሞ ነጥቡንም ሰረዙንም እየዘለለ ዜና አስመሰለው። አንባቢው እኔን ነው የሚጠብቀው። ትንሽ ቀን ስጠኝ አልኩት፤ አራት ወር ሆነው።»

«ታዲያ ያስነቅሉታ ጋሼ! ምን ያስጠብቅዎታል?»

አራሚው ቀና ብሎ ተቀመጠ። ሰው በፍርሃቱ ላይ ክርክር ሲገጥም ፈሪ መሆኑን ይረሳል።

«ስሚኝ ልጄ፤ እኔ የቃል ሰው ነኝ። ማደንዘዣ የምትሉት ከምን የወጣ ቃል ነው? ከደነዘዘ። ቢላ ደነዘዘ ሲባል ስለቱ ጠፋ ማለት ነው፤ ሰው ደነዘዘ ሲባል ፈዘዘ፣ ነገር አልገባው አለ ማለት ነው። እኔ የምኖረው ደግሞ በዚች ጭንቅላት ነው። በገዛ እግሬ ሄጄ አደንዝዙኝ ልበል? የሚነቀለውንም አስቢው፤ የአእምሮ ጥርስ ነው የሚሉት! ስሙ ራሱ እየነገረሽ! ከሥሩ ሲመዘዝ አብሮት ምን እንደሚወጣ በምን ይታወቃል?»

ልጅቱ ሳቋን ዋጠችው። በፈራ ሰው መሳቅ ፍርሃቱን ከማባረር ይልቅ ወደ ውስጥ ገፍቶ እንደሚያስቀምጠው በሥራዋ ተምራለች።

«ጋሼ፣ ብዙ ሰዓት ተቀምጠው ሲነሡ እግርዎ ደንዝዞ አያውቅም?»

«ሥራዬ መቀመጥ አይደለም እንዴ! ሁልጊዜ ነው።»

«ያን ጊዜ ፊደል ጠፍቶብዎ ያውቃል?»

እግሩን አየት አደረገ። ከዚያ በቀስታ «አያውቅም» አለ።

«ያው ነው። የሚደነዝዘው መርፌው ያረፈበት ድድና ከንፈርዎ ነው፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይለቃል። አእምሮዎ ነቅቶ ሁሉን ያውቃል። ስሙም የወጣለት ጥርሱ ዘግይቶ፣ ሰው ነፍስ ካወቀ በኋላ ስለሚበቅል ነው እንጂ አእምሮ ተሸክሞ አይደለም። የኔ ሁለቱ ከተነቀሉ በኋላ ነው የመጨረሻ ፈተናዬን ያለፍኩት።»

«ያንቺም ተነቅሏል?»

«ተነቅሏል። ነርስ ሆኜ፣ ዕቃውን በየቀኑ እያጠብኩ፣ ተራዬ ሲደርስ ግን ጠዋቱን ሙሉ ሲያስመልሰኝ አረፈደ። አባዬ ናቸው እጄን ይዘው ያመጡኝ። መፍራት አያሳፍርም ጋሼ።»

ይህ ቃል አራሚውን ከክርክሩ ይልቅ አሸነፈው። ለአራት ወር የደበቀው ነገር ካፉ ወጣ።

«እንግዲያ እውነቱን ልንገርሽ፤ የቃሉ ነገር ሰበብ ነው። የአባቴን መንጋጋ የነቀለው ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ በጉጠት። ራሱን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ሲሰበር የሰማሁት ድምፅ ይኸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።»

«ይህን ለሐኪሙ ነግረውታል?»

«ይህን ያህል ሰውዬ ሆኜ?»

«ይንገሩት! ሐኪሙ ካላወቀ ምን ያድርግ? ከሁሉ በፊት ‹እፈራለሁ› ይበሉት። ያኔ ቀስ ይላል፤ እያንዳንዱን ነገር ከማድረጉ በፊት ይነግርዎታል። ዕቃው እንዲታይዎ ካልፈለጉ ዐይንዎን በጨርቅ እንሸፍናለን። ግራ እጅዎን ካነሡ ሥራው ወዲያው ይቆማል፤ ይህ የኛ ደንብ ነው። አየር በአፍንጫዎ ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ሲያስወጡት ደግሞ ይበልጥ ቀስ ይበሉ። መገፋትና መጎተት ይታወቅዎታል፤ ድምፅም ይኖራል፤ አልዋሽዎትም። ሕመም ከተሰማዎ ግን እጅዎን ያንሡ፤ ማደንዘዣ ይጨመራል። በአባትዎ ጊዜ ይህ ሁሉ አልነበረም። ጋሼ፣ የሚፈሩት የዛሬውን ጥርስ አይደለም፤ የዚያን ቀኑን ነው።»

አራሚው እርሳሱን በጣቶቹ ያሽከረክራል።

«እንዲያው ለሚቀጥለው ሳምንት ብናደርገውስ?» አለ በመጨረሻ።

«ስንት ገጽ ቀርቷል?»

«ሠላሳ አምስት።»

«እርሳቸውስ እንዴት ሰነበቱ?»

አራሚው እርሳሱን ኪሱ ከተተው። ባለፈው ቅዳሜ አንባቢው ከትራሱ ቀና ማለት አቅቶት እጁን ብቻ ነበር የዘረጋለት። ልጅቱም ደግማ አልጠየቀችውም። ካርዱን አጥፋ በእጁ አስያዘችውና ተነሥታ በሩን ከፍታ ቆመች። አራሚው የካርዱን እጥፋት ዘርግቶ ሰዓቱን አነበበ። ከዚያ ተነሥቶ ገባ።

ውስጥ ያለው ነገር ብዙ ወሬ የለውም። ራጅ ተነሣ። «እፈራለሁ» አለ፤ ሐኪሙም «ደግ አደረጉ የነገሩኝ» አለው። መርፌው ቆነጠጠው። አንድ ጊዜ ድምፁን ሲሰማ ግራ እጁን አነሣ፤ እውነትም ሁሉም ነገር ቆመ። የሰው እጅ በሱ ፈቃድ እንደሚቆም ማወቁ ከመርፌው በላይ አረጋጋው። ጉጠት የያዘው ብረት ቀጥቃጭ እጅ ቢነሣም ባይነሣም አይቆምም ነበርና። ነርሷ የጨርቁን ጥግ ገለጥ አድርጋ «አለቀ ጋሼ» ስትለው አላመናትም። ሃያ አምስት ደቂቃ ነበር የፈጀው።

ጥርሱን በትንሽ ሳህን አድርጋ አሳየችው። አራሚው አይቶት እንባው መጣ።

«አመመዎ?»

ራሱን ነቀነቀ። አላመመውም። የአራት ወር ቅዳሜዎችን ነበር በልቡ የሚቆጥረው።

አፉ ውስጥ ጥጥ ስለነበር ለአንባቢው ሚስት ራሷ ነርሷ ደወለችላት። መንጋጋው እስኪላላ ጥቂት ቀን እንደሚፈልግ፣ ቅዳሜ ግን ቀርቶ እንደማይቀር ነገረቻት። ሚስትየዋ ስልኩን ለባሏ አስጠጋችለት፤ «እጠብቃለሁ በሉት» አለ አንባቢው።

ረቡዕ እብጠቱ ነበር። ሐሙስ አፉ ሁለት ጣት አስገባ። አርብ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ «ነጠላ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ» እያለ ድምፁን ሲሞክር ስልኩ ጮኸ። አንባቢው ሌሊቱን በእንቅልፉ አርፏል።

በሳምንቱ ስፌቱን ሊያስፈታ ክሊኒክ ሲሄድ የበሩ ጽሑፍ ታርሟል። ልጅቱ እንዳየችው ፊቷ በራ፤ «አፍዎ ተከፈተ አይደል ጋሼ! አነበቡላቸው?» አለችው።

«አልደረስኩም ልጄ።»

እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። እሱም ከአግዳሚው ወንበር ላይ ጉንጩን ይዞ የተቀመጠውን ጎልማሳ አየና ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአራሚው ልማድ ሆነ። በሥራ ቦታም በሰፈርም ጥርሱን የታመመና የፈራ ሰው ሲያገኝ ራሱ ይዞት ይሄዳል። «ጥርሱ ሲነቀል ሌሊቱን ትተኛለህ፤ በሁለቱም ጉንጭህ ታላምጣለህ፤ መርዙም ወደ ሌላው አካልህ አይሄድም» ይለዋል። «ፍርሃትህን ለሐኪሙ አስቀድመህ ንገረው፤ እጅህን የማንሣት መብት እንዳለህ እወቅ። ፍርሃት እስኪለቅህ ብለህ ግን አትቆይ፤ እየፈራህ ግባ። እኔ ስቆይ መንጋጋዬ ምንም አልሆነ፤ ይኸው በሃያ አምስት ደቂቃ ወጣ። ሳልደርስበት ያለፈኝ ሌላ ነው።» እንዲህ ሲል የሰሙት ሁሉ እውነቱን ነው ይላሉ፤ ብዙዎችም በሱ ምክር ድነዋል።

የቀሩትን ሠላሳ አምስት ገጾች ለአንባቢው ሚስት አነበበላት። አሁን ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ምልክቱን ሁሉ እየጠራ፣ ሳይቸኩል አነበበ። እሷም አላለቀሰችም። በመጨረሻው ገጽ ላይ አንባቢው ስለ ራሱ ስለ አራሚው የጻፈው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፦ «ጓደኛዬ ዝም ሲል ይሰማል።»

አራሚው እዚያ ላይ ቆመ። ማላላትና ማጥበቅ በጽሑፍ አይታይም። «ሰ» ከላላ ቃሉ ያዳምጣል ማለት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ፊት ለፊቱ ዝም ብሎ አዳምጦታልና። «ሰ» ከጠበቀ ደግሞ ዝምታው ራሱ ይደመጣል ማለት ነው፤ አራሚው ስሕተት ሲያገኝ ሁልጊዜ «እሺ፣ እሺ» ማለቱን ያቆም ነበር፤ አንባቢውም ከዝምታው ብቻ ስሕተት መኖሩን ያውቅ ነበርና። ወይም በነዚያ አራት ወራት የትኛው ዝምታ እንደተሰማው ማን ያውቃል? ጮክ ብሎ ቢያነብለት ኖሮ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበት ነበር፤ ተሳስቶ ከሆነም ጓደኛው ካልጋው ላይ ሆኖ ያርመው ነበር።

«ምን ሆንክ? አንብበው እንጂ» አለችው ሚስትየዋ።

«እህቴ፣ ይህን ቃል እንዴት ብሎ ነበር የሚለው?»

«ሲጽፈው እንጂ ሲለው አልሰማሁም» አለች።

መጽሐፉ ቃሉ እንዳለ ታተመ። ከአራሚው እጅ ሳይታረም ያለፈ ብቸኛው ገጽ እሱ ነው። ላልቶ ይነበብ ወይስ ጠብቆ፣ የሚያውቀው ሰው አራት ወር ሙሉ ጠብቆት ሄዷል።