አያቴን ያስወጣኋቸው በበሬ ነው

ይኸውላችሁ፣ ማንኩሳ አጠገብ፣ ከአያቴ ቤት በላይ ያለው ኮረብታ ተሰንጥቆ ነበር። የመሬት መንሸራተት የምታጠና ጂኦፊዚሲስት መጥታ ስንጥቁ ላይ መሣሪያ ተክላለች። አጠገቧ ሆኜ ስነዘንዛት፣ መሣሪያውን እያዳመጠች ድንገት ፊቷ ጠቆረ። «ዕድሜዬን መሬት ሳዳምጥ ነው የኖርኩት፤ እንዲህ ካለች አትቆይም። ሽማግሌውን አውጪያቸው!»

እየበረርኩ ወረድኩ። «አባባ፣ ይውጡ! ኮረብታው ሊናድ ነው!»

«ትናንት ጅብ መጣ ብለሽ ቆጥ ላይ ሰቀልሽኝ፤ ዛሬ ደግሞ ኮረብታ? ሂጂ ወዲያ!»

ብጎትታቸው አልነቃነቅ አሉ። ድንጋይ መንከባለል ጀመረ። እውነቱ አልሠራ ሲለኝ፣ «አባባ፣ የጎረቤት በሬ የማዶውን በቆሎዎን ጨረሰው!» ብዬ ጮህኩ።

ዱላቸውን ይዘው ቀድመውኝ ወጡ! ማዶ ስንደርስ ከኋላችን ድም አለ፤ ዞር ብንል ቤቱ የለም፣ አፈር ብቻ። እሳቸው ዱላቸውን እንዳነሱ ደርቀው ቀሩ።

«በሬውስ?» አሉኝ።

«ሸሽቷል፣ አባባ» አልኳቸው።